ለበጣና ቅብ፤ የብረት ዕቃን በቤት ውስጥ ስለ ማደስ

በቋንቋችን «ለበጠ» የሚለው ግስ ሁለት ፊት አለው። አንደኛው ከአንጥረኛ ቤት የወጣ ነው፤ እንጨቱን በወርቅ፥ ጋሻውን በብር፥ ተራውን ማዕድን በከበረው ሸፈነ፥ አለበሰ ማለት ነው። ሁለተኛው በሰው ጠባይ ላይ የሚነገር ነው፤ ከልብ ያልመነጨውን፥ ከጥርስ ያላለፈውን ሳቅ «የለበጣ ሳቅ» እንለዋለን። አባቶቻችን አንዱን ቃል ለሁለቱ ማዋላቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። የላይ ልብስ የውስጡን ያስከብራል፤ ሰውም ይታለልበታል። ዛሬ የምንናገርለት ነገር ተራ የቤት ሥራ ቢመስልም፥ ሁለት ፊት ካለው ከዚህ ቃል እምብዛም አይርቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፥ ከቀበና እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት የሕንፃ መሣሪያ መደብሮች፥ በትንንሽ ጣሳ ታሽገው የሚሸጡ የስፕሬይ ቀለሞች በመደርደሪያው ላይ ተሰልፈው ይታያሉ። የአንዱ ክዳን እንደ ወርቅ፥ የሌላው እንደ ብር፥ የሦስተኛው እንደ መስተዋት ያበራል። ከአያት የወረደውን የብረት አልጋ ዝገት የበላበት አባወራ፥ የበሯ እጀታ ኒኬሉ ተልጦ የጠቆረባት እመቤት፥ የአሮጌ ቮልስዋገኑ የፊት መከላከያ ያረጀበት ጎረቤት ወደነዚህ ጣሳዎች ማየቱ አይቀርም። ከተማሪዎቻችን ወላጆች መካከል ብዙዎቹ ይህ ቀለም ዕቃውን እውነት ወደ ጥንት መልኩ ይመልሰው እንደ ሆነ ይጠይቁናል። መልሱ አንዳንዱን አዎን፥ አንዳንዱን ግን አይደለም የሚል ነው፤ የትኛው በየትኛው እንደሚገባ ለማወቅ ከሥሩ መጀመር ይሻላል።

ተራውን ነገር በከበረ ማዕድን ማልበስ የቅርብ ጊዜ ብልሃት አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ስለ ድንኳኑ ሥራ የታዘዘውን ያነበበ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፥ ታቦቱ ከግራር እንጨት ተሠርቶ በውስጥም በውጭም በጥሩ ወርቅ የተለበጠ ነበር። መሥዋዕት የሚቃጠልበት መሠዊያ ግን በናስ ተለበጠ። መቅረዙ ደግሞ ለበጣ የሌለበት፥ ሁለንተናው ከጥሩ ወርቅ ተቀጥቅጦ የወጣ ሆነ። እሳት ለሚነድበት ስፍራ ናስ መመረጡን አንባቢው ልብ ይበል፤ ኋላ እንመለስበታለን።

የአገራችን አንጥረኞችም የራሳቸው ጥበብ አላቸው። መስቀሉን አስቀድመው በሰም ይቀርጹታል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍኑታል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያደርቁት ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶ በቀረው ስፍራ የቀለጠውን ማዕድን ያፈስሱበታል። የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚህ የእጅ ሥራ ነው። ለብር ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያቀልጡት የማርያ ቴሬዛን ብር ነበር፤ የዚህ ገንዘብ ክብደት 28 ግራም ያህል ሲሆን ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፥ የቀረው ይልቁንም መዳብ ነው። ገንዘቡም ማዕድኑም በአንድ ስም «ብር» መባላቸው፥ በዚያ ዘመን አንጥረኛው የሚሠራበትና ነጋዴው የሚቆጥረው አንድ ነገር ስለ ነበረ ነው።

የወርቅ ለበጣው ጥንታዊ ዘዴ በብዙ አገር በባዜቃ ይሠራ ነበር። ወርቅ በባዜቃ ውስጥ ሲገባ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ይህ ልስልስ ቅልቅል በመዳብ ወይም በብር ዕቃ ላይ ይቀባና ዕቃው ከእሳት ላይ ይሞቃል፤ ባዜቃው ተንኖ ይሄዳል፥ ወርቁም ከዕቃው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ለበጣው እጅግ የሚያምርና ለዘመናት የሚቆይ ነው። ዋጋው ግን በወርቁ ብቻ አልተከፈለም፤ የባዜቃው እንፋሎት በሳንባ ገብቶ እጅን የሚያንቀጠቅጥ፥ አእምሮን የሚያውክ መርዝ በመሆኑ በየአገሩ ብዙ ሠራተኞች ጤናቸውን አጥተውበታል።

ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዛሬ በአጠገቧ ቤተ መዘክር አላት፤ በውስጡም የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ ጣይቱ አልባሳትና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ይታያሉ። አንባቢያችን ወደዚያ ሲወጣ፥ ወይም በማናቸውም ቤተ መዘክር ወርቅ የተለበጠ የቆየ ዕቃ ሲያይ፥ ለበጣው የሳሳው የት የት ላይ እንደ ሆነ ቢመለከት ደስ ይለናል። እጅ በሚይዘውና ጨርቅ በሚፈትገው ከፍ ባለው ጠርዝ ላይ ወርቁ አልቆ የውስጡ መዳብ ይቀላል፤ በቅርጹ ጥልቅ ውስጥ ያለው ግን እንደ ተቀባበት ቀን ይኖራል። እውነተኛውን እርጅና ከሐሰተኛው ለመለየት ከዚህ የተሻለ መምህር የለም።

ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ ዘመን መጣ። ጣሊያናዊው ቮልታ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1800 የኤሌክትሪክ ምንጭ የሆነውን ክምር ሠራ፤ በ1805 ወዳጁ ብሩኛቴሊ በዚያው ኀይል ብርን በወርቅ ለበጠ። በ1840 ደግሞ በበርሚንግሃም የኤልኪንግተን ቤት በዚህ ዘዴ ላይ የባለቤትነት መብት አውጥቶ ሥራውን ወደ ፋብሪካ አደረሰው። አሠራሩን ለሕፃናት ስናስተምር እንዲህ እንላለን፤ የሚለበጠው ዕቃ የማዕድኑ ጨው በሟሟበት ውኃ ውስጥ ይንጠለጠላል፥ የኤሌክትሪክ ኀይል ሲያልፍበት በውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን ቅንጣት በቅንጣት እየመጣ በዕቃው ላይ ይሰፍራል። ሰዎች «ክሮም» የሚሉት የመኪና መከላከያ ብረት በእውነቱ ከሥሩ ኒኬል ነው፤ የኒኬሉ ውፍረት ከ10 እስከ 30 ማይክሮን ያህል ሲሆን ከላይ ያለው ክሮም ብዙ ጊዜ አንድ ማይክሮን እንኳ አይሞላም። ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊሜትር ለ1000 ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። ክሮሙ ያን ያህል ስስ ሲሆን ኒኬሉን ከመወየብና ከመጫር ይጠብቀዋል።

ይህን ሥራ በቤት ውስጥ ለመሞከር የሚያስቡ ወጣቶች አሉና አንድ ቃል ብቻ እንበል። የክሮም መለበጫው ፈሳሽ በብዙ ፋብሪካ ካንሰር የሚያመጣ ዓይነት ክሮም ያለበት ነው፤ የወርቁና የብሩ ፈሳሽም አብዛኛውን ጊዜ ሲያናይድ የሚባለው መርዝ ይገባበታል። ስለዚህ ይህ የጓሮ ሥራ አይደለም።

ደግሞም ለበጣን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀና ብሎ ጣራን ማየት ይበቃል። ከተማችን የተሸፈነችበት ቆርቆሮ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ስስ ብረት ነው። ዚንኩ ብረቱን የሚጠብቀው በመሸፈን ብቻ አይደለም፤ ቆርቆሮው በሚስማር ቢበሳ እንኳ በዙሪያው ያለው ዚንክ ከብረቱ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል። ከዚሁ ከየካ በላይ፥ በእንጦጦ ተራራ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የቆመው የሥነ ፈለክ መመልከቻም ጎናቸው አንዳንድ ሜትር የሆነ ሁለት ታላላቅ መስተዋት ያላቸው ቴሌስኮፖች አሉት፤ በዘመናችን የእንዲህ ያሉ ቴሌስኮፖች መስተዋት የሚሠራው መስታወት እጅግ ስስ የሆነ አሉሚንየም ለብሶ ነው። በአንድ ተራራ ሥር ቆርቆሮውም፥ ከዋክብት የሚታዩበት መስተዋትም ለበጣ መሆኑ ያስደንቃል።

እንግዲህ ወደ ጣሳው እንመለስ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1949፥ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሲካሞር በምትባል ከተማ የቀለም ነጋዴ የነበረው ኤድዋርድ ሲሞር ለቤት ማሞቂያ ብረት የሚሆን የአሉሚንየም ቀለም ሠርቶ ነበር። ቀለሙን ለገበያተኛ በቀላሉ ለማሳየት ሲቸገር፥ በጣሳ ታሽጎ በነፋስ ቢረጭስ ብላ ሐሳቡን ያቀረበችለት ሚስቱ ቦኒ እንደ ሆነች ይነገራል። ከዚህ እንደምንረዳው የስፕሬይ ቀለም ገና ከልደቱ ብረት መሳይ ቅብ ነበር።

ነገር ግን ቅብ ለበጣ አይደለም። በለበጣ ማዕድኑ ያለ መቋረጥ አንድ ቆዳ ሆኖ በብረቱ ላይ ያድጋል። በቅብ ግን ማዕድኑ እንደ ዓሣ ቅርፊት የደቀቀ ሆኖ በሙጫ ውስጥ ተበትኗል። የጭቃ ቤት ግድግዳን ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ የብረቱ ቅንጣት ጭዱ፥ ሙጫው ጭቃው ነው። «ብር» የሚለው ጣሳ ውስጥ ያለው ጭድ አሉሚንየም ነው። «ወርቅ» በሚለው ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት የነሐስ ዱቄት፥ አለዚያም ቢጫ ቀለም የተቀባ አሉሚንየም ወይም ሌላ አብረቅራቂ ዱቄት ነው፤ ወርቅ ግን የለበትም። ቅርፊቶቹ በለሰለሰ ወለል ላይ ጠፍጣፋ ሆነው ሲተኙ ብርሃንን በአንድነት ይመልሳሉ፥ ዕቃውም ያበራል። በሻካራ ወለል ላይ ወዲያና ወዲህ ሲዘነብሉ ግን ብርሃኑ ይበተናል፥ ዕቃውም አመድ ይመስላል። የሥራው ምስጢር ከሞላ ጎደል ይህ ነው፤ ከመቀባቱ ይልቅ ማዘጋጀቱ ይበልጣል።

ስለዚህ ዕቃው አስቀድሞ በዱቄት ሳሙናና በሙቅ ውኃ ይታጠብ። ከእጅና ከወጥ ቤት የመጣው ቅባት ካልለቀቀ በቀጭን ጨርቅ ቲነር ነክሮ ማበስ ያስፈልጋል፤ ቅባት ባለበት ቀለም አይዝም። ከዚያ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይነሣ፤ ቀጥሎ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፥ ኋላም በ240ና በ400 ቁጥር ይፈተግ። የተላጠ ኒኬል ወይም ክሮም ያለበት ዕቃ ሲሆን የልጡ ጠርዝ በጣት ሲዳሰስ የማይታወቅ እስኪሆን ድረስ መፈተግ ይገባዋል። አሮጌ አልጋ በአሮጌ ቀለም የተቀባ እንደ ሆነ በቀለሙ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ በደረቁ ሳይሆን በውኃ እያራሱ ይፈተግ፥ ሕፃናት ከስፍራው ይራቁ፥ ውኃውና ዝቃጩም በልጆች መጫወቻ ስፍራ አይፍሰስ።

ብረቱ ከጸዳ በኋላ አንቲረስት ይቀባል። ይህን የሚዘሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው፤ ቀለሙ በመጀመሪያው ክረምት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሲነሣባቸው የገዙትን ጣሳ ይወቅሳሉ። አዲስ ቆርቆሮ ወይም ሌላ ዚንክ የለበሰ ዕቃ ከሆነ ደግሞ የተለመደው የዘይት ቀለም በቀጥታ አይቀባበት፤ በቀለሙ ውስጥ ያለው ዘይት ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ ሳሙና መሳይ ነገር ይፈጥርና ይላጣል። ለዚንክ የሚሆን አንቲረስት ለብቻው አለና ሻጩን መጠየቅ ነው።

አየሩም የራሱ ሕግ አለው። በእኛ ደጋ፥ ይልቁንም ወደ እንጦጦ ግርጌ በቀረበው ሰፈር፥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ጠዋት ብረት ሁሉ ጤዛ ለብሶ ያድራል። በክረምት ደግሞ በአየር ውስጥ ያለው ርጥበት በሚደርቀው ቀለም ላይ ሰፍሮ ነጭ ጉም ያደርግበታል። ስለዚህ ከመስቀል በኋላ እስከ በልግ ዝናብ ባለው ጊዜ፥ ረፋዱ ላይ ጤዛው ከደረቀ በኋላ፥ ነፋስ ሳይነሣ መሥራት ይመረጣል። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ስፍራ መሥራትም አይበጅም፤ ብረቱ ይግልና ቀለሙ ሳይዘረጋ ይደርቃል። ጣሳው ከቀዘቀዘ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ማቆየት ይቻላል፤ ለብ ባለ እንላለን፥ ከ50 ዲግሪ በላይ የሞቀ ጣሳ ሊፈነዳ ይችላልና።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ለእናቶች አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። ቀለሙን ከጣሳው የሚገፋው ጋዝ በብዙዎቹ ከወጥ ቤት ሲሊንደር ጋዝ ጋር አንድ ዘር ነው፤ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ቡና በሚፈላበት ከሰል፥ እንጀራ በሚጋገርበት ምድጃ፥ በበራ ሻማም አጠገብ ፈጽሞ አይረጭ። የሚረጨው በግቢ፥ አየር በሚዘዋወርበት ስፍራ ነው። የጨርቅ ጭምብል ብናኙን ቢቀንስም የቲነሩን እንፋሎት አያግድም፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን እስኪደርቅ ድረስ ይራቁ። ባዶውንም ጣሳ ከቆሻሻ ጋር ለማቃጠል እሳት ውስጥ መጣል እንደ ጥይት ነው።

የአረጫጨቱ ልማድ እንዲህ ይሁን። ጣሳው ለሁለት ደቂቃ ያህል ይናጥ፤ በውስጡ ያለችው ኳስ ስትንኳኳ ይሰማል። ከዕቃው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ተርቆ፥ ከዕቃው ጠርዝ ውጭ ጀምሮ ከጠርዙ ውጭ እስኪያልቅ ድረስ እጅን ሳያቆሙ ማሳለፍ ነው። አንድ ወፍራም ቅብ ከሚሆን ሦስት ወይም አራት ስስ ቅብ ይሁን፤ በየመካከሉም በጣሳው ላይ የተጻፈው ጊዜ ይጠበቅ። ለአልጋና ለመስኮት ብረት «አሉሚንየም» ወይም «ብር» የተባለው ተራው ቀለም በዚህ መንገድ ከተቀባ ለዓመታት ያገለግላል፤ እኛም ያለ ማመንታት የምንመክረው እርሱን ነው።

ክሮም መሳዩ ግን ሌላ ባሕርይ አለው። እርሱ መስተዋት እንዲመስል ከሥሩ የሚያንጸባርቅ ጥቁር ቀለም ይፈልጋል፤ ጥቁሩ በደንብ ደርቆ ፊት የሚያሳይ እስኪሆን መቆየት አለበት። በላዩ ክሮሙ እንደ ጭጋግ ቀለል ተደርጎ ይነፋል፤ ብዙ ከሆነ ይጠፋል። ሲደርቅ እውነትም ያስደንቃል። ነገር ግን ጣት ሲነካው ይደበዝዛል፤ እንዳይነካ ተብሎ በላዩ ትራንስፓረንት የሚባለው ቀለም ሲነፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ በውስጡ ያለው ቲነር የተኙትን ቅርፊቶች ያነሣቸውና መስተዋቱ ወዲያው ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ ለሥዕል ክፈፍ፥ በግድግዳ ላይ ለሚሰቀል፥ እጅ ለማይደርስበት ጌጥ መልካም ነው። ለበር እጀታና ለመኪና መከላከያ ግን አንመክረውም። ለአሮጌው ቮልስዋገን ባለቤት ግን ከዚህ የሚሻል ርካሽ ነገር አለ፤ የምግብ መጠቅለያውን የአሉሚንየም ወረቀት ኮልኩሎ በውኃ እያራሰ ዝገት የነካውን ክሮም ይፈትገው። ክሮሙ ካልተላጠ በቀር ዝገቱ ይለቃል፥ አብዛኛውም ብርሃኑ ይመለሳል። ጠፋ የተባለው ክሮም ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ብቻ ነው።

ኒኬልን ለመምሰል የሚሻ ሰው ኒኬልና ክሮምን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ይመልከት። ክሮም ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ኒኬል ግን ሞቅ ያለ፥ ወደ ቢጫ የሚያዘነብል ነው። በብር ቀለም ላይ ከሩቅ አንድ ጊዜ ብቻ የወርቁን ጭጋግ ማሳለፍ ያን ሙቀት ይሰጠዋል። የአሮጌ መኪና ብሎኖች የሚታይባቸው ቢጫና ቀስተ ደመና የመሰለ መልክም እንደዚሁ ይሠራል፤ አሮጌ መኪና የሚያድሱ ፈረንጆች ከሥር ወርቅማ ቀለም ቀብተው በላዩ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይና አረንጓዴ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ይነፉበታል። ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ፥ ለወጣት እጅ ጥሩ መለማመጃ የሚሆን ሥራ ነው።

ለወርቅ መልክ ደግሞ ጥቁር ሥር አይስማማውም። የጥንት ወርቅ ለባጮች ስሱን የወርቅ ቅጠል የሚያሳርፉት በቀይ የሸክላ አፈር ላይ ነበር፤ ወርቁ ሲሳሳ ከሥሩ የሚታየው ሙቅ ቀለም ያምራልና። እኛም በሸክላ ቀይ ወይም በቡናማ ሥር ላይ ወርቁን እንነፋለን። የቆየ እንዲመስል ከተፈለገ ጥቁር ቡናማ ቀለም በቲነር አቅጥኖ በሙሉ መቀባትና ሳይደርቅ ከከፍታው ላይ በጨርቅ ማበስ ነው፤ ጨለማው በጥልቁ ይቀራል፥ ጠርዙም ያበራል። በእንጦጦ ቤተ መዘክር አስተውሉ ያልነው ለዚህ ይጠቅማል። የነሐሱ ዱቄት ግን በላብና በርጥበት ከጊዜ በኋላ ይወይባል፥ አረንጓዴም ያወጣል፤ ስለዚህ በዚህ ቅብ ላይ ትራንስፓረንት ማልበስ ያስፈልጋል።

ከጣሳዎቹ ሁሉ ወደ እውነተኛ ለበጣ የሚቀርብ አንድ አለ፤ መልኩ ግራጫና ደብዛዛ ስለ ሆነ ማንም አይመርጠውም። ይህ የዚንክ ስፕሬይ ነው። ከደረቀ በኋላ ከክብደቱ ከመቶ 90 እጅ የሚያህለው ዚንክ ስለሚሆን፥ በጸዳ ብረት ላይ በቀጥታ ሲቀባ እንደ ቆርቆሮው ብረቱን በራሱ ጉዳት ይጠብቃል። የግቢ በር ማጠፊያና በብየዳ የተቃጠለ የቆርቆሮ ስፍራ በእርሱ ቢቀባ እንወዳለን።

አሁን ወደ እሳቱ ስፍራ እንመለስ። በቤት ያለ መቅረዝ እግሩና ግንዱ ሊቀባ ይችላል፤ ሻማው የሚቆምበት ጽዋ ግን አይቀባ፥ ሻማው አልቆ እሳቱ ሲደርስ ቀለሙ ይቃጠላልና። የዕጣን ማጨሻ ጨርሶ አይቀባ። ፍም ያረፈበት ቀለም ሲጤስ የሚወጣው ሽታ ከዕጣኑ ጋር ተቀላቅሎ በቤተሰቡ ሳንባ ይገባል። ስኒ፥ ማንኪያ፥ ሳህን፥ አፍና ምግብ የሚነካው ማናቸውም ዕቃ እንዲሁ።

ቅቡ ከቤት ወጥቶ ወደ ገበያ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ደግሞ አገራችን በ2000 ዓ.ም. አይታለች። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ ከላከው ወርቅ ወርቅ የተለበጠ ብረት ሆኖ የተገኘ መኖሩ ተሰማ፤ በግምጃ ቤት ያለውም ሁሉ እንዲመረመር ታዘዘ፥ ሰዎችም ታሰሩ። ለዚህ የተከፈለው ገንዘብ በሚሊዮን ዶላር የሚቈጠር ነበር። እኛ ይህን ነገር በክፍል ውስጥ ስናነሣ ተማሪዎቻችንን ሚዛን እንዲያስቡ እናደርጋለን። አንድ ሊትር የሚሞላ ወርቅ 19.3 ኪሎ ይመዝናል፤ ያው ልክ ብረት ግን 7.9 ኪሎ አይሞላም። ስለዚህ 12.5 ኪሎ ሊመዝን የሚገባው የወርቅ ጡብ ውስጡ ብረት ቢሆን 5 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ዐይን ያልለየውን እጅ ይለየዋል። ተንግስተን የሚባለው ማዕድን ብቻ ክብደቱ ከወርቅ ጋር እኩል ሊሆን ጥቂት ስለሚቀረው በሚዛን አይያዝም፤ ለእርሱ ሌላ ምርመራ ያስፈልጋል። ወርቅ ቅብ የአንገት ሐብል በወርቅ ዋጋ የሚገዙ እኅቶቻችን ይህን ስሌት ቢያውቁት ይጠቅማቸዋል።

የቀረው ከሁሉ የሚከብደን ነገር ነው። በአንዳንድ ስፍራ የቆየ መጾር መስቀል ወይም የአባት የአንገት መስቀል ለበዓል እንዲያምር ተብሎ ወርቅ መሳይ ስፕሬይ ሲቀባ ይታያል። የሚያደርጉት ሰዎች በፍቅር ነው የሚያደርጉት፤ ጉዳቱ ግን የማይመለስ ነው። የቀለሙ ሙጫ ስሱን ቅርጽ ይሞላዋል፥ በግእዝ የተቀረጸውን የሰጪውን ስም ይደፍነዋል። ኋላ ቀለሙን እናንሣ ሲባል ከሥሩ የቀረው ጥንታዊ የወርቅ ለበጣ አብሮ ይነሣል። ሕጉም ቢሆን ይከለክላል፤ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የሆነ ዕቃ የሚታደሰው በባለሥልጣኑ ፈቃድ እንደ ሆነ ደንግጓል። ስለት ያለበት ምእመን የተቀባ መቅረዝ ለቤተ ክርስቲያን ሲሰጥም የተቀባ መሆኑን ለአገልጋዮቹ ይንገር፤ ናስ መስሏቸው በአሲድ ወይም በአሸዋ ሊወለውሉት ይችላሉና።

የጠቆረው የብር መስቀል ቀለም አያስፈልገውም። ጥቁረቱ ብሩ በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር የተዋሐደው ነው። የላይ ለበጣ፥ ድንጋይም የሌለበት ተራ የብር መስቀል ከሆነ በሳህን ላይ የአሉሚንየም ወረቀት አንጥፎ መስቀሉን ማሳረፍ፥ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በትኖ የፈላ ውኃ ማፍሰስ ነው። ድኙ ብሩን ትቶ ወደ አሉሚንየሙ ይሄዳል፤ በጥቂት ደቂቃም ብሩ ይነጣል። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አጥቦ በለስላሳ ጨርቅ ማድረቅ ይበቃል። ወርቅ የተለበጠ ወይም በጣም የቆየ ከሆነ ግን ይህም አይደረግበት፤ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይታበስ።

ለበዓል የሚቀባ ዕቃ ያለው ሰው ቀኑን አስቀድሞ ይቍጠር። ስፕሬይ በአንድ ሰዓት ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ እስኪጠነክር ሰባት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ በእኛ ብርድ ከዚያም ይዘገያል። ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ እንግዳ የሚቀበል ቤተሰብ አልጋውንና የሥዕሉን ክፈፍ ቢዘገይ ጥር 3 ቀን ቀብቶ መጨረስ፥ እስከዚያም ድረስ አቧራ በማይደርስበት ስፍራ ሳይሸፍን ማቆየት አለበት፤ ቶሎ የተሸፈነ ቀለም የጨርቁን ጥለት ይዞ ይቀራልና።